በጉጉት የምንጠብቃቸው አዳዲስ የክላሲካል ቅጂዎች፦ የማንን? ለምንስ?

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ሰላም ቤተሰብ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አልበሞቹ ላይ የሚታተመው እሱ ስለሆነ።

በ2027 ቤትሆቨን ካረፈ 200 ዓመት ይሞላዋል። በ2028 ደግሞ የሹበርት ተራ ነው። አሳታሚዎች እንዲህ ያለውን ቀን በዋዛ አያልፉትም። የዘጠኙ ሲምፎኒዎች ሙሉ ስብስብ በላይ በላዩ እንደሚወጣ አትጠራጠሩ። የ32ቱ የፒያኖ ሶናታዎችም እንዲሁ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እናንተ በጉጉት የምትጠብቁት የማንን ቅጂ ነው? ለምን? «ስለምወደው» ብቻ የሚል መልስ አልቀበልም።

እኔ የምጠብቀው የሚናገረው ነገር ያለውን ሰው ነው። ፒያኒስቱን ዚመርማንን እዩት። ለብዙ ዓመታት ብቻውን የተጫወተበት አዲስ አልበም አላወጣም። ከዚያ በ2017 የሹበርትን የመጨረሻ ሁለት ሶናታዎች ይዞ መጣ። ፒያኖው ውስጥ የገባውን የቁልፍ ክፍል ራሱ ነው የሠራው። ድምፁ እንዲዘፍን እንጂ እንዲጮህ አልፈለገም። ወደዳችሁትም አልወደዳችሁትም፣ ለምን እንደቀዳው ከመጀመሪያው ደቂቃ ይገባችኋል። በየዓመቱ አንድ አልበም ከሚያወጣ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለውን ብጠብቅ ይሻለኛል።

እስቲ በሉ።

ፈጣን_ጣት፦

የኔ መልስ አጭር ነው። ፒያኒስቱ ዩንቻን ሊም! የፈለገውን ይቅዳ፣ እኔ እጠብቃለሁ።

በ2022 የቫን ክላይበርንን የፒያኖ ውድድር ሲያሸንፍ 18 ዓመቱ ነበር። በውድድሩ ታሪክ እንደሱ በልጅነቱ ያሸነፈ የለም። በፍጻሜው የተጫወተውን የራህማኒኖፍ 3ኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር) ያላየ ሰው ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይይ። ከዚያ አሳታሚው ዴካ አስፈረመው። ሁሉም ሰው ኮንቼርቶ ሲጠብቅ ልጁ በ2024 ምን ይዞ መጣ? የሾፓንን 24 ኤቱዶች (የፒያኖ መለማመጃ ሥራዎች)! ኦፐስ 10 እና ኦፐስ 25ን። አሽከናዚ፣ ፖሊኒ፣ ኮርቶ የቀዱትን ሥራ ይዞ ከነሱ እኩል ልሰለፍ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። አቦ ይመቸው።

እና ሦስተኛ ረድፍ፣ ምክንያት ካልክ ምክንያቱ ይሄ ነው። የግራ እጁን ስሙት። ሌላው ሰው እንደ አጃቢ የሚያልፈውን ዜማ እሱ ከሥር አውጥቶ ያሰማሃል።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

ልጄ ፈጣን ጣት፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም። ግን «የፈለገውን ይቅዳ» የምትለው ነገር አይዋጥልኝም። ወጣት ሲባል ሁሉም ይጣደፋል። አሳታሚው ይቸኩላል፣ አድማጩ ይቸኩላል። ልጁ ራሱ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል።

ደግሞ አዲስ ቅጂ ማለት ሁልጊዜ ትናንት የተቀዳ ማለት አይደለም። እኔ በሕይወቴ ከጠበቅኳቸው ሁሉ ልቤን የመታው ከመሳቢያ የወጣ ነው። ፒያኒስቷ ማርታ አርጌሪች በ1965 የዋርሶውን የሾፓን ውድድር አሸነፈች። ያኔውኑ ለንደን ሄዳ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ለአሳታሚው ኢኤምአይ የሾፓን ሥራዎችን ቀዳች። ግን ውሏ ከሌላ አሳታሚ፣ ከዶይቸ ግራሞፎን ጋር ነበር። ስለዚህ ቴፑ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የወጣው በ1999 ነው። ይኸው 34 ዓመት!

የኦርኬስትራ መሪው የበርንስታይንም አለ። ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የማህለርን 9ኛ ሲምፎኒ የሠራው በ1979 ነው። ከዚያ ኦርኬስትራ ጋር ሌላ ጊዜ አልሠራም። ቅጂው ለሕዝብ የቀረበው በ1992 ሲሆን፣ እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በመጨረሻው ክፍል ጫፍ ላይ ትሮምቦኖቹ መግባት ሲገባቸው ሳይገቡ ይቀራሉ። ያን የሚያህል ቦታ ላይ! ሆኖም ሙዚቃው አንተን አይለቅህም።

እኔ እንግዲህ የምጠብቀው የሬዲዮ ጣቢያዎች መጋዘን ውስጥ ያለውን ነው።

ሁለተኛ_ቫዮሊን፦

ጋሼ ሸክላ፣ መጋዘኑን አይንኩብኝ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ወደ ቤትሆቨን ልመልሳችሁ። «ስንት ጊዜ ይቀዳል?» የሚል ሰው እንደሚመጣ ስለማውቅ ከወዲሁ ልቅደም።

ቤትሆቨን በ1817 የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሲምፎኒዎች ፍጥነት በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ቁጥር አሳተመ። መሣሪያው ያኔ ገና አዲስ ነበር። የ3ኛው ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ቁጥሩ 60 ነው፤ በደቂቃ 60 ባር (የምት ክፍል) ማለት ነው። በሰከንድ አንድ ባር። ቁጭ ብላችሁ በሰዓት ቁጠሩትና ከምትወዱት ቅጂ ጋር አስተያዩት። አብዛኞቹ የድሮ ቅጂዎች በጣም ወደኋላ ይቀራሉ። ለረጅም ጊዜ «ሜትሮኖሙ ተበላሽቶ ነበር» ተብሎ ታለፈ። ከዚያ የዘመኑን መሣሪያዎች የያዙ ቡድኖች መጡና ቁጥሩ እንደሚሠራ አሳዩ። ከነዚህ ቡድኖች መሪዎች አንዱ ጋርዲነር በ1994 ሙሉውን ስብስብ አወጣ።

ሁለተኛው የኖታው ጉዳይ ነው። ከ1996 ጀምሮ ጆናታን ዴል ማር የዘጠኙን ሲምፎኒዎች አዲስ እትም በኖታ አሳታሚው ቤረንራይተር አወጣ። የእጅ ጽሑፎቹንና የመጀመሪያ ህትመቶቹን አንድ በአንድ አመሳክሮ። መሪው ዚንማን ከዙሪክ ቶንሃለ ኦርኬስትራ ጋር ያንን ይዞ ቀዳ። ዘመናዊ ኦርኬስትራ ነው፣ ግን ቀላልና ፈጣን።

በጆሮ የሚለይ ምሳሌ ልስጣችሁ። 3ኛው ሲምፎኒ፣ የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ አካባቢ። ትራምፔቶቹ ዋናውን ዜማ ይጀምሩትና መሃል ላይ ይጠፋሉ። ኖታው ላይ ያለው እንደዚያ ነው። ብዙ የቀድሞ መሪዎች «የቤትሆቨን ዘመን ትራምፔት ከፍ ያለውን ድምፅ እንደልብ ስለማያወጣ ነው የተወው» ብለው ዜማውን እስከ መጨረሻው አስጨረሷቸው። ያማረ ድል ይመስላል። የዛሬዎቹ ግን እንደተጻፈው ይተዉታል። ዜማው ከትራምፔቱ ሲጠፋና ከሥር በእንጨት መሣሪያዎቹ ሲቀጥል ስትሰሙ፣ ታሪኩ ሌላ ነው። ጀግናው የት ገባ ትላላችሁ።

ስለዚህ እኔ በ2027 የምጠብቀው እነዚህን ሁሉ ጥያቄዎች አንድ ባንድ አስቦ የመለሰ መሪ ነው። መልሱ ከኔ ጋር ባይስማማም ግድ የለኝም።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

እህቴ፣ ጥሩ አስረዳሽ። ግን ቁጥር ሙዚቃ አይሠራም። መሪው ክሌምፐረር በ1955 ከፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ ጋር የቀዳውን 3ኛውን ሲምፎኒ ስሚው። ከ60 በጣም ይርቃል። እንደዚያም ሆኖ አይንዛዛም። የቀብር ማርሹ ላይ ምድር ነው የሚንቀጠቀጠው። በሰከንድ አንድ ባር እየሮጡ እንዲህ ያለ ክብደት ያመጡ ስንት ናቸው? ቸኩሎ መድረስ ሌላ፣ መድረስ ሌላ።

ሁለተኛ_ቫዮሊን፦

የክሌምፐረርን ቅጂ እኔም አልለቀውም። የምለው ሌላ ነው። ክሌምፐረር አለ፣ ማንም አይወስድብንም። አዲሱ ሰው ግን ክሌምፐረርን ሊደግም ከሆነ ለምን ይቀዳል?

ማይክ_ተካይ፦

ስለ ተጫዋች ብዙ ተባለ። ስለ አዳራሽ የሚናገር ጠፋ። እኔ ስለ አንድ አዲስ ቅጂ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ተቀዳ?» ነው። ሥራዬ ድምፅ ስለሆነ ይቅር በሉኝ።

መሪው ሾልቲ የቀዳውን የዋግነርን «ሪንግ» ኦፔራዎች አስቡ። ከ1958 እስከ 1965 ድረስ ቪየና ውስጥ ሶፊየንሳል በሚባል አዳራሽ ተቀዳ። አዳራሹ ድሮ መታጠቢያ ገንዳ ነበር። ከወለሉ ሥር ባዶ ቦታ ስለነበረው ድምፁ ይሞቃል። የመሪው ካራያን የ1960ዎቹ ቤትሆቨን የተቀዳው በርሊን፣ ኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ኪንግስዌይ ሆል የሚባል አዳራሽ ነበር። ድምፁ ግሩም ነው፣ ግን የምድር ውስጥ ባቡር በሥሩ ያልፋል። ጥሩ ሄድፎን ካላችሁ በአንዳንድ ቅጂዎች ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ጉርምርምታው ይሰማችኋል። መሪው ሱዙኪ የባኽን ካንታታዎች (የድምፃውያንና የመሣሪያ ሥራዎች) ከ1995 እስከ 2013 ኮቤ ውስጥ አንድ የጸሎት ቤት ውስጥ ቀዳ። 55 አልበም። አንዱን ከከፈታችሁ ሌላውን በድምፁ ብቻ ታውቁታላችሁ።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ኦርኬስትራን ስቱዲዮ ውስጥ ለቀናት ማቆየት እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የኦርኬስትራ ቅጂ ከኮንሰርት ላይ ይወሰዳል። ሁለት ሦስት ምሽት ይቀዳል። ከዚያ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሳል የገባበትን፣ ቀንድ (ሆርን የሚባለው መሣሪያ) የሳተበትን ቦታ ብቻ ደግመው ይጫወታሉ። ያ ሁሉ አንድ ላይ ይሰፋል። ሽፋኑ ላይ «በቀጥታ የተቀዳ» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም።

ኦርኬስትራዎችም ራሳቸው አሳታሚ ሆነዋል። የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ኤልኤስኦ ላይቭ አለ። የበርሊኖቹም ከ2014 ወዲህ በራሳቸው ስም ያወጣሉ። ይሄ እኔ በበጎ የማየው ነው። አንድን አዳራሽ በየሳምንቱ የሚያውቅ ባለሙያ ማይኩን የት እንደሚሰቅል አይጠፋውም።

ስለዚህ የመሪውን የማከላን ነገር በጉጉት እጠብቃለሁ። በ2027 የአምስተርዳሙን የኮንሰርትኸባውንም የቺካጎንም ኦርኬስትራ ይረከባል። የኮንሰርትኸባው አዳራሽ ድምፅ ሰፊና ማር የሆነ ነው። የቺካጎ ደግሞ ደረቅ ያለ ነው፤ የናስ መሣሪያዎቹ ድምፅ ፊት ለፊት ይመጣል። አንድ መሪ፣ ሁለት በጣም የተለያዩ ቤቶች። ሁለቱ ጋ አንድ ዓይነት የሚሠራ ከሆነ ያኔ እናወራለን።

ፈጣን_ጣት፦

ማይክ ተካይ ነፍስ ነህ።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። አልበም ከመውጣቱ በፊት ቁርጥራጭ መልቀቅ! ዛሬ ሁለተኛውን ክፍል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍጻሜውን። አልበሙ ሲወጣ ግማሹን ሰምቼ ጨርሻለሁ። ሲምፎኒ እኮ ዘፈን አይደለም። የ5ኛው ሲምፎኒ ፍጻሜ የሚያስፈነድቀው ከሦስተኛው ክፍል ጨለማ ሳይቋረጥ ስለሚመጣ ነው። ብቻውን ሲለቀቅ ማርሽ ይሆናል። አትስማው ትሉኛላችሁ። እንዴት ልቻል?

ሦስተኛ_ረድፍ፦

አትስማው። 😄

የምሬን ነው። እኔ ስልኬ ላይ ማሳወቂያውን አጥፍቻለሁ። ፒያኒስቱ ኦላፍሶን የቀዳው የባኽ ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ በ2023 ሲወጣ ሙሉው እስኪደርስ አንዷንም ቫሪየሽን (የዜማ ልዋጭ) አልነካሁም። ያ ሥራ ደግሞ የሚገባው እንደዚያ ነው። መክፈቻው ዜማ፣ አሪያው፣ ከ30 ቫሪየሽን በኋላ ሲመለስ ኖታው ያው ነው፤ አንተ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘህ ነው የደረስክበት። ያንን ጉዞ በቁርጥራጭ ማን ይሰጥሃል?

አሳታሚዎቹን ግን ብዙም አልፈርድባቸውም። ስትሪሚንግ ላይ ካልታዩ የሉም። ጨዋታው ተቀይሯል። አሳታሚው ሃይፐርየን እንኳ ለዓመታት ስትሪሚንግ አልገባም ሲል ኖሮ፣ በ2023 በዩኒቨርሳል ተገዛና ገባ። ሌላውን አሳታሚ ቢስን ደግሞ አፕል ገዛው፣ ያውም በዚያው ዓመት።

ዝምተኛ_አድማጭ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ ነኝ፣ እስካሁን እያነበብኩ ብቻ ነበር። ጥያቄዬ ምናልባት ለእናንተ ቀላል ይሆናል። አንድ ሥራ መቶ ቅጂ አለው። አዲስ ደግሞ ይጨመራል። ሁሉም «ድንቅ ነው» ይባላል። የእውነት ልዩነቱ ይሰማችኋል? ወይስ ስሙን አይታችሁ ነው? በትህትና ነው የምጠይቀው።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ጥያቄህ ቀላል አይደለም። እንዲያውም ትልልቅ ሃያሲዎችን ያዋረደ ጥያቄ ነው።

ጆይስ ሃቶ የምትባል እንግሊዛዊት ፒያኒስት ነበረች። ከመድረክ ከራቀች ቆይታለች፣ ታማለችም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባሏ በራሱ አነስተኛ ድርጅት በስሟ ከመቶ በላይ ሲዲ አወጣ። ሊስት፣ ሾፓን፣ ራህማኒኖፍ፣ ያልነካችው የለም። አወዳሾች በዙ። «ማንም የማያውቃት ታላቅ ፒያኒስት» ተባለች። በ2006 አረፈች። በ2007 አንድ አድማጭ የሊስት ኤቱዶቿን ሲዲ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተ። ኮምፒውተሩም የሌላ ሰው ስም አወጣ፦ ላስሎ ሲሞን። ሲመረመር ቅጂው የሱ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹም የሌሎች ሆነው ተገኙ፤ አንዳንዶቹ ፍጥነታቸው ትንሽ ተነካክቶ። ባልየውም በኋላ አመነ።

ሰው ይሄን ሲሰማ «ጆሮ ዋጋ የለውም» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሃያሲዎቹ ጥሩ ነው ያሉት ነገር የእውነት ጥሩ ነበር። የሳቱት ታሪኩን ነው። ላስሎ ሲሞን በራሱ ስም ሲወጣ ያን ያህል ያወደሰው አልነበረም። ስም ያሳብዳል።

ማይክ_ተካይ፦

ዝምተኛ፣ ጋሼ ባሉት ላይ አንድ የተግባር ነገር ልጨምር። ልዩነት ለመስማት ሙሉ አልበም አትውሰድ። ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። የምታውቀውን አንድ ቦታ ምረጥ። ያንን ከሦስት ቅጂ አከታትለህ ስማ። ቢቻል ሌላ ሰው ይክፈትልህ፣ ማን እንደሆነ አይንገርህ።

ከሁሉ በፊት ግን ድምፁን እኩል አድርግ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ትንሽ ከፍ ያለው ቅጂ ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል። ግልጽ ነው፣ ሕይወት አለው ትላለህ። በእውነቱ የጮኸው ድምፁ ነው። የታደሱ የድሮ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ከፍ ተደርገው ነው የሚወጡት። «አዲሱ ማስተሪንግ (የድምፅ ማስተካከያ) ገደለኝ» የሚለው ሰው ግማሹ የገደለው ይሄ ነው።

ሁለተኛ_ቫዮሊን፦

አንድ ነገር ሳልል ብሄድ ይቆጨኛል። እስካሁን ያወራነው ሁሉ መቶ ጊዜ ስለተቀዳ ሙዚቃ ነው። አንድም ጊዜ በቅጡ ስላልተቀዳውስ?

የሙዚቃ ደራሲዋ ፍሎረንስ ፕራይስ በ1953 አረፈች። በ2009 ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ የተተወ ቤት ውስጥ የኖታዎቿ ክምር ተገኘ። ቤቱ የበጋ ማረፊያዋ ነበር። ጣሪያው ተበላሽቶ ነበር። ትንሽ ቢቆይ ዝናቡ ይጨርሰው ነበር። በ2021 መሪው ኔዜ ሴጋን ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር 1ኛና 3ኛ ሲምፎኒዎቿን በዶይቸ ግራሞፎን አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ግራሚ አገኘ። የ3ኛውን ሦስተኛ ክፍል፣ ጁባ የሚባለውን ጭፈራ ስሙት። እግራችሁ አርፎ አይቀመጥም።

ቫይንበርግም እንደዚያው ነው። የሾስታኮቪች ወዳጅ፣ ከ20 በላይ ሲምፎኒ የጻፈ ሰው። መሪዋ ግራዚኒቴ ቲላ በ2019 2ኛውንና 21ኛውን አወጣች። 21ኛው ለዋርሶ ጌቶ ሰለባዎች መታሰቢያ የተጻፈ ነው። ከሰማሁት በኋላ ሌላ ሙዚቃ ለመክፈት ቶሎ አልቻልኩም።

እነዚህን ሳስብ 2027 ትንሽ ያናድደኛል። ለአንድ ተጨማሪ የቤትሆቨን ስብስብ የሚወጣው ወጪ ስንት ያልተሰማ ሲምፎኒ ያስቀዳ ነበር!

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

ታዲያ ቅድም ለቤትሆቨን ስትሟገቺ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?

ሁለተኛ_ቫዮሊን፦

ነኝ ጋሼ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ፣ ስስታም ነኝ።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ሁለታችሁም እንዳትጣሉብኝ። የፕራይስን ጁባ አሁን ከፈትኩ። ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ናሱ የሚመልስበት ቦታ ጉድ ነው። የምጠብቃቸው ዝርዝር ውስጥ የሌሎቹን ሥራዎቿን አስገብቻለሁ።

ዝምተኛ_አድማጭ፦

ማይክ ተካይ ያልከውን ሞከርኩ። የጎልድበርግን አሪያ ወሰድኩ። ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ ሁለት ጊዜ እንደቀዳው አነበብኩ፤ በ1955 እና በ1981። አንድ ሰው እንዳልሆነ ነው የሚመስለው! የመጀመሪያው ይቸኩላል፣ ሁለተኛው እያንዳንዱን ኖታ እያየ ያስቀምጠዋል። ድምፁንም እኩል አድርጌያለሁ።

ግን አንድ ችግር አለ። በ1981ዱ ላይ ከኋላ የሚያጉረመርም ሰው ይሰማኛል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

ፈጣን_ጣት፦

😂😂😂 ፋይልህ ደህና ነው ወንድሜ። ራሱ ጉልድ ነው። እየተጫወተ ያንጎራጉራል። መሐንዲሶቹ ዕድሜ ልካቸውን ታግለው አልቻሉትም።

ማይክ_ተካይ፦

አዎ፣ እሱ ነው። ማይኩን ፒያኖው አጠገብ ስታቀርበው ሰውየውም አብሮ ይመጣል። ብታርቀው ደግሞ ጉልድ የሚወደው ያ ደረቅና ግልጽ ድምፅ ይጠፋል። ምርጫ የላቸውም።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

ትለምደዋለህ ልጄ። አሁን አሪያውን ተወውና 25ኛውን ቫሪየሽን ከሁለቱም ስማ። ከዚያ የትኛው እንደሚሻልህ ንገረን። ፈጣን ጣት የ1955ቱን እንደሚል አውቃለሁ፣ አትስማው።